በመጪው ዘመን ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?

ስለ ሩቁ ዘመን ኑሮ በሚቀርቡልን ሥዕሎች ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 «ዘ ላይን» ብሎ ያስተዋወቀውን ከተማ ምስሎች ያየ ሰው ያስታውሳቸዋል። ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 500 ሜትር፣ ውጪው በመስተዋት የተለበጠ፣ 9 ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል የተባለ ከተማ ነው። ሰዎቹ በተንጠለጠሉ አትክልቶች መካከል ይንሸራሸራሉ። ወለል የሚወለውል፣ የሕፃን ጨርቅ የሚለውጥ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አባቱን አገላብጦ የሚያጥብ ሰው ግን እኔ ባየኋቸው ምስሎች ውስጥ አንድም አላገኘሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በየግንባታው የቆርቆሮ አጥር ላይ የሚለጠፈው ምስልም ከዚህ አይለይም። ሰማዩ የጠራ፣ አስፋልቱ ባዶ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ የሌለበት።

ለምን የለም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ያን ጊዜ ይሄን ሁሉ ማሽን ይሠራዋል።» ይህን መልስ ከወጣት ኢንጂነሮችም፣ ከባለሥልጣናትም፣ ከቡና ጠጪ ጓደኞቼም እሰማለሁ። ማንም አይከራከረውም፤ ስለ ወደፊቱ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። እኔ ግን መልሱ ሐሰት ነው እላለሁ። የሚያሳስበኝም ሐሰት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ ስለሚያስረሳን ጭምር ነው። የሩቁ ዘመን የዕለት ኑሮ በማሽኖቹ ብዛት አይወሰንም። የሚወስነው የቤቱን ሥራ ለማን እንደምናሸክም የምንቆርጠው ውሳኔ ነው። ያን ውሳኔ ደግሞ አሁን፣ ሳንነጋገርበት፣ በሲሚንቶና በአዋጅ እየወሰንነው ነው።

ትንቢቱ ራሱ አሮጌ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የፈረንሳይ ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. የ2000ን ዓመት ኑሮ የሚያሳዩ ተከታታይ ካርዶች ሠርተው ነበር። በክንፍ የሚበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሉባቸው፤ ዓሣ ነባሪ ተሳፍረው ባሕር የሚያቋርጡ መንገደኞችም አሉ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘችኝ ግን ብዙም የማይወራላት አንዲት ካርድ ናት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የወለል መፈተጊያ ታሳያለች። ማሽኑ ወለሉን ይፈትጋል፤ ማሽኑን ይዛ የቆመችው ደግሞ ሽርጥ ያገለደመች የቤት ሠራተኛ ናት። ሠዓሊው መቶ ዓመት ወደ ፊት ሲያስብ ሰውን በአየር ላይ አብርሯል። ያቺ ሴት ከዚያ ወለል ላይ ትነሣለች ብሎ ግን አላሰበም።

ከስድሳ ዓመት በኋላ አሜሪካኖች «ዘ ጄትሰንስ» የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ካርቱን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 የታየ፣ ታሪኩ በ2062 የሚፈጸም ነው። አባት በሚበር መኪና ወደ ሥራ ይሄዳል። እናት ቤት ትውላለች፤ ሥራዋ ቁልፍ መጫን ሆኗል። ሮዚ የምትባል ሮቦትም አለችላቸው፤ ይህችም ሽርጥ ታጥቃለች። መቶ ዓመት ወደ ፊት ተሂዶ የሠራተኛዋ ሥጋ በብረት ተለወጠ። የቤቱ ሥርዓት፣ ማን ተቀምጦ ማን ቆሞ እንደሚውል፣ የማን ድካም እንደማይቆጠር፣ እንዳለ ቀረ። ለዚህ ነው እነዚህን ሥዕሎች የወደፊት ሥዕል ለማለት የሚከብደኝ። ሥዕሉን ያወጣው የኅብረተሰብ ክፍል የራሱን ሳሎን ነው የሣለው፤ ብርሃን ጨምሮበት።

ጥያቄውን የጠየቁም ነበሩ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቤላሚ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው ልብ ወለድ የ2000 ዓመቷን ቦስተን ሲያስብ የቤት ሠራተኛ የሚባል ነገር አስቀርቷል። ምግቡ በጋራ ወጥ ቤት ይበስላል፤ ልብሱ በጋራ ማጠቢያ ይታጠባል። በቀረው ነገር ከቤላሚ ጋር አልስማማም፤ ሰውን ሁሉ እንደ ወታደር አሰልፎ በሚያሠራ መንግሥት ሥር መኖር አልፈልግም። ይሁን እንጂ ስለ ሩቅ ዘመን የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባውን ጠይቋል፤ ያ ሁሉ ሰው ምሳውን ሲበላ ሳህኑን የሚያጥበው ማን ነው?

ታላቁ የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ እንኳ ይህን ጥያቄ ዘሎታል። እ.ኤ.አ. በ1930 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በሳምንት 15 ሰዓት ቢሠሩ ይበቃቸዋል አለ። የሰጠው መቶ ዓመት ሊሞላ ተቃርቧል። ሰዎች ኬንስ የተሳሳተው ሰው ፍላጎቱ ማለቂያ እንደሌለው ስላልገባው ነው ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ጉድለት ነው። ሥራ ሲል በደመወዝ የሚሠራውን ብቻ ቆጠረ። በሳምንት 15 ሰዓት ቢሮ የሚውል ሰው ልጅ ካለው፣ ያረጀች እናት ካለችው፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላ ከሆነ፣ የቀረው ሰዓት ሁሉ ዕረፍት ነው ማለት አይቻልም። ወይ እርሱ ይሠራል፤ ወይ ሌላ ሰው ይሠራለታል።

«ማሽኑ ይሠራዋል» ለሚለው በቂ ፈተና ተደርጎለታል፤ የተደረገውም አሜሪካ ውስጥ ነው። የታሪክ ጸሐፊዋ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው መጽሐፍ የቤት ውስጥ ማሽኖችን ታሪክ ተከትላ አስገራሚ ነገር አሳየች። የጋዝ ምድጃው፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የምንጣፍ መጥረጊያው ሁሉ ገብተው የቤት እመቤቷ ሥራ እንደታሰበው አልቀነሰም። ምክንያቱን ስታስረዳ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ምድጃው ሲመጣ የቀረው እንጨት መፍለጥ ነው፤ ያ ደግሞ የባልና የወንዶች ልጆች ሥራ ነበር። ማብሰሉ በቦታው ቆየ። ማጠቢያ ማሽኑ ሲመጣ ቀድሞ ለአጣቢ ሴት ወይም ለልብስ ማጠቢያ ቤት ይሰጥ የነበረው ልብስ ወደ ቤት ተመለሰ። በሳምንት አንዴ ይለወጥ የነበረው ሸሚዝም በየቀኑ የሚለወጥ ሆነ፤ ማሽን አለና። ድካሙ ቀለለ፤ ይህን ኮዋንም አትክድም። ሰዓቱ ግን የዚያችው ሴት ሰዓት ሆኖ ቀጠለ።

ማሽን ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በአገራችን ገጠር የሴትን ቀን ከሁሉ በላይ የለወጠው የቱ ነው ቢሉኝ መልሴ ማሽን ነው፤ የሞተር ወፍጮ። ከእርሱ በፊት እህል የሚፈጨው በድንጋይ ነበር። ሴቲቱ ዶሮ ሲጮህ ትነሣና በጨለማ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ትላለች። መጁን በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች፣ ትስባለች፤ ትገፋለች፣ ትስባለች። የቤተሰቡ የዕለት እንጀራ የሚሆን ዱቄት እስኪወጣ ሰዓታት ያልፋሉ። ድንጋዩ ሲለሰልስ እንደገና መወቀር አለበት። እርጉዝ ብትሆን፣ ልጅ ብታዝል፣ ብትታመም፣ እህሉ ካልተፈጨ እንጀራ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ከገበያው ዳር የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሴቶች እህላቸውን በአህያና በጀርባ አምጥተው ተራ ያዙ፤ ጥቂት ሳንቲም ከፍለው ዱቄታቸውን ይዘው ተመለሱ። ያ ሁሉ የሌሊት ድካም በደቂቃዎች አለቀ። ስለ ሠለጠነው ዘመን ከተሣሉት የትንቢት ሥዕሎች በአንዱም ላይ የገጠር ወፍጮ ቤት አላየሁም። የወፍጮ ቤት ድል ምን እንደነበረ ልብ እንበል። ማን እንደሚደክም የታወቀ ነበር፤ የሚነሣው ሸክም አንድና ግልጽ ነበር፤ ማሽኑም የአንድ ባለጸጋ ቤት ጌጥ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ መገልገያ ሆኖ ቆመ።

አሁን ደግሞ ቢጫውን ጀሪካን እንየው። ጀሪካን ድንቅ ዕቃ ነው። አይሰበርም፣ ርካሽ ነው፣ ክዳን አለው። ከእንስራ ጋር ሲነጻጸር ባዶውን ምንም አይከብድም፤ በጥቂት ዓሥርተ ዓመታት ውስጥም እንስራን ከምንጭ ዳር አባረረው። ይሁንና 20 ሊትር ውሃ ዛሬም 20 ኪሎ ነው፤ የተሸከመችውም ያቺው ልጅ ናት። ዕቃው ዘመነ፤ ጀርባው ያው ጀርባ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ታሪኩ ይህንኑ ይመስላል። ማገዶ አልቆባት ልትነቀል ደርሳ የነበረችውን አዲስ አበባን በቦታዋ አጸናት፤ ለከተማዋ ከባቡሩም ከስልኩም በላይ የዋለላት እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያን ማገዶ ከእንጦጦ እያወረደ ከተማዋን ሲያሞቅ የኖረው ግን የሴቶች ወገብ ነው። ሸክሙ የማን እንደሆነ ያልጠየቀ መፍትሔ ሸክሙን እዚያው ይተወዋል። ወፍጮ ቤቱና ጀሪካኑ ሁለቱም ከውጭ የመጡ፣ ሁለቱም ጠቃሚ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሥራውን አስቀረው፤ ሌላው ዕቃውን ለወጠው።

«ያ የድሮ ማሽን ነው፤ የሚመጣው ሌላ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ ሮቦት ሁሉን ይችላል ይሉኛል። የሮቦት ሳይንቲስቱ ሃንስ ሞራቬክ እ.ኤ.አ. በ1988 ያነሣው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ለኮምፒውተር ቀላሉ እኛ የሊቅ ሥራ የምንለው፣ ቼዝ መጫወትና ፈተና ማለፍ ነው፤ ከባዱ የአንድ ዓመት ሕፃን ያለ ትምህርት የሚችለው፣ ዓይቶ ማንሣትና ሳይወድቁ መራመድ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩ ድርሰት ይጽፋል፣ የሕግ ፈተና ያልፋል። በየቤቱ የገባው የጽዳት ሮቦት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ገበያ ላይ ከዋለው ከሩምባ ወዲህ ባብዛኛው መሬት ለመሬት የምትሽከረከር ክብ ዕቃ ናት። የሚንፈራገጥ ሕፃን ልብስ ማልበስ፣ ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊትን ሳያሳምሙ መገልበጥ፣ የተቃጠለ ድስት መፈተግ፣ ሊጡ ቀጥኗል ወፍሯል ብሎ በእጅ መለየት፣ ይህ ሁሉ አንድ ቀን በማሽን ሊሠራ ይችላል። አይቻልም ብዬ አልምልም። እስኪቻል ድረስ ባሉት አያሌ ዓመታት ማን ይሠራዋል ነው የምለው።

ጃፓን መልሱን አሳይታናለች። በሮቦት ሥራ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ከሕዝቧ ከሩብ በላይ የሚሆነው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ መንግሥቷም አረጋውያንን የሚጦሩ ሮቦቶችን ለመሥራት ዓመታት ደክሟል፣ ገንዘብም አፍስሷል። ያው መንግሥት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አዲስ የሥራ ቪዛ ከፈተ፤ ቪዛው ከሚፈቅዳቸው ሥራዎች አንዱ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነው። ለውጭ ሠራተኛ በሯን በቀላሉ የማትከፍተው አገር ከቬትናም፣ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ የሚመጡ ሰዎችን መቀበል ግድ ሆነባት። ሮቦቱ ስላልደረሰ ሰው ተጠራ።

ይህን ጥሪ ከእኛ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? የባሕረ ሰላጤው ከተሞች መጪው ዘመን ዛሬ ምን እንደሚመስል እዩ እያሉ ዓለምን ይጋብዛሉ። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጪው ዘመን ሙዚየም ከፍታለች፤ ሕንፃው በእርግጥም ውብ ነው። በእነዚያ ከተሞች ስንት ቤት ውስጥ ከሌሊት እስከ ሌሊት ቆማ የምትውለው ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ በኮንትራት የሄደች ልጅ ናት? በድምፅ የሚታዘዝ መብራት፣ በስልክ የሚከፈት በር፣ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ክፍል በተሟላበት ቤት ውስጥ ማዳሟ የምትጠራው የእርሷን ስም ነው። ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። ትንቢቱ ሮቦት ይመጣል ብሎ ነበር፤ በሮቦቱ ቦታ የተገኘችው የእኛ እህት ናት። ቤይሩት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ አሠሪዎች የኢትዮጵያ ሠራተኞቻቸውን ሻንጣቸውን አስይዘው በቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አየ። አገልግሎቱ ያበቃ ዕቃ የሚጣለው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ «ሞባይልስ? ቴሌብርስ? ሕይወታችንን አልለወጠም?» ሲሉኝ አዎን እላለሁ፤ ለውጧል። በገጠር ያለች እናት ገንዘብ ለመቀበል ከተማ ድረስ የምትሄድበት ዘመን እያለፈ ነው። ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ጠይቁልኝ። ብዙውን ጊዜ ያ ገንዘብ የሰው ቤት ስትጠርግና የሰው ልጅ ስታሳድግ ከምትውል ልጇ የተላከ ነው። ስልኩ መንገዱን አሳጠረ። የመንገዱ መነሻ ግን ዛሬም መጥረጊያና ባልዲ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የዚህ ጉዳይ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ የአንድ አፓርታማ ፕላን እጄ ገባ። በራሪ ወረቀቱ ላይ «የነገው ኑሮ» የሚል ተጽፎበታል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መስተዋት። ዋናው መኝታ ቤት የራሱ መታጠቢያና የልብስ ክፍል አለው። ወጥ ቤቱን ስታልፉ ከልብስ ማጠቢያው ቦታ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ትገኛለች። አንድ ሜትር ከሰባ በሁለት ሜትር ከአሥር ናት። አንዲት አልጋ ከገባች በኋላ በሩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እጠራጠራለሁ። መስኮት በፕላኑ ላይ አይታይም፤ በግድግዳው ራስጌ አንዲት አጭር መስመር አለች፣ ምናልባት የአየር መተላለፊያ። በውስጧ የተጻፈው «የሠራተኛ ክፍል» ነው።

ይህች ክፍል ስለ መጪው ዘመን ከተጻፈው ድርሰት ሁሉ የበለጠ ትናገራለች። በብረትና በሲሚንቶ የተሠራ ሕንፃ በአግባቡ ከተያዘ 80 እና 100 ዓመት ይቆማል። በ2100 ዓ.ም. ያ አፓርታማ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ትንቢቱ ማሽን ይሠራዋል ይለናል፤ ፕላኑን ያወጣው አርክቴክት ግን በዚያ ቤት ውስጥ የልጅ ልጆቻችን ሲኖሩ ከማጠቢያው ጀርባ የምትተኛ ሌላ የሰው ልጅ እንደምትኖር በሚሊሜትር ለክቶ ወስኗል። ገዢውም ይህንኑ ይጠብቃል። ከሁለቱ የትኛውን እንመን? እኔ ፕላኑን አምናለሁ፤ ገንዘብ የወጣበት እርሱ ነውና። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው የአባቶች ፕላን ነበር። ዛሬ እመቤቲቱም ወደ ችሎት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሚኒስቴር ወጣች፤ መውጣቷ እሰየው ነው። በማጀት ግን ባሏ አልተተካም፤ ወንድ ልጇ አልተተካም። የተተካችው ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ናት።

በዚህ ላይ ሕጋችንም የራሱ ትንቢት አለው። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 የቤት ሠራተኛን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ የሥራ ሁኔታዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል አለ። አዋጁ አርጅቶ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156 ሲተካ ያ ደንብ አልወጣም ነበር። አዲሱ አዋጅ ምን አደረገ? ደንብ ይወጣል የሚለውን ደገመው። በ1996 ዓ.ም. በ15 ዓመቷ ሥራ የገባች ልጅ አዲሱ አዋጅ ሲወጣ 30 ዓመቷ ነው። የሥራ ሰዓቷ ስንት ነው? የዕረፍት ቀኗ መቼ ነው? ስትታመም ማን ያሳክማታል? የጉልምስናዋ መጀመሪያ ሙሉ «ወደፊት» በሚል ቃል ውስጥ አለፈ። ስለ 2100 ዓ.ም. አፋችን እስኪደርቅ የምናወራ ሰዎች ለእርሷ አንድ ደንብ ማድረስ ካልቻልን ራእያችን ለማን ነው?

ሁለት መቃወሚያዎች ሁልጊዜ ይመጡብኛል። አንደኛው «ለልጅቷም እኮ የሥራ ዕድል ነው፤ አገር ቤት ብትቀር ምን ልትሆን?» የሚል ነው። ሥራ ይሁንላት እንጂ! ሥራ ከሆነ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አለው፣ ውል አለው፣ ዕረፍት አለው፤ ሠራተኛው ማታ ወደ ራሱ ቤት ይሄዳል። እኔ የምቃወመው ሥራዋን አይደለም፤ ሥራ ተብሎ አለመቆጠሩን ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። «እኛ ገና ነን፤ አሜሪካና አውሮፓ የደረሱበት ስንደርስ ይህ ሁሉ ይቀራል» ይላል። ጊዜን እንደ አንድ መንገድ፣ እኛን ደግሞ የሰልፉ መጨረሻ አድርጎ ማየት ነው። እነርሱ የደረሱበትን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሥራው ቀርቶ አያገኘውም፤ እጁ ተለውጦ ያገኘዋል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ካሉ ወገኖቻችን ውስጥ የአሜሪካ አረጋውያንን በየቤታቸው እያጠቡና እያበሉ የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እዚህ አስተማሪና ነርስ የነበሩ ናቸው። እነርሱ ከሥራ ሲመለሱ እንጀራ ለመጋገር ጊዜውም ጉልበቱም የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሌሎች ሴቶች ሌሊት ተነሥተው የጋገሩት የጤፍ እንጀራ በአውሮፕላን ተጭኖ አትላንቲክን ያቋርጥላቸዋል። ያረጀ አሜሪካዊ በኢትዮጵያዊ እጅ፣ ኢትዮጵያዊው በሌላ ኢትዮጵያዊ እጅ ይኖራል። በሰልፉ መጨረሻ የቆመ ሰው የሚደርስበት ጣቢያ ይህ ከሆነ ከእኛ ኋላ ማንን አሰልፈን ይሆን ልብሳችንን የምናሳጥበው?

ጥያቄው ለእኛ የቅርብ ነው። አገራችን ወጣት ናት እንላለን፤ እውነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ እ.ኤ.አ. በ2050 አካባቢ ከ200 ሚሊዮን እንደምንበልጥ ያሳያል። ዛሬ 20 ዓመት የሆነው ወጣት በ2070 ዓ.ም. 70 ያልፈዋል። እንደ አያቶቹ ሰባትና ስምንት ልጅ አይኖረውም፤ ቢኖሩትም አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዱ ጅዳ ሊሆን ይችላል። በአሥረኛ ፎቅ ላይ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ጉልበቱ ታሞ፣ ሚስቱ ሞታ ተቀምጦ ይታየኛል። ያን ሰው ማን ያጥበዋል? በአገራችን ስለ መጪው ዘመን ከሚደረጉት ጉባኤዎች ስንቱ ይህን ሽማግሌ አስቦታል?

የዕለት ኑሮን ይዞ ወደፊትን ማሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ብለው በጻፉት ልብ ወለድ ውስጥ ከአውሮፓ የተመለሰው አወቀ ከአገሩ ሰው ጋር የሚጋጨው በማሽን ሳቢያ አይደለም። የሚሟገተው ልቅሶ እንዴት ይለቀስ፣ ተዝካር በምን ይደገስ፣ ሠርግ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ነው። ኅሩይ አዲሱን ዓለም ያሰቡት ከድግሱና ከወጪው፣ ከቤተሰቡ ጭንቀት ተነሥተው ነው።

ሌላም ምሳሌ አለን፤ ያውም በሲሚንቶ የተሠራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ፎቆቹ አጠገብ «ኮሚናል» የምንለው የጋራ ቤት እንዲሠራ ታስቦ ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ ለልቅሶና ለሠርግ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። ያን ያሰበው ባለሙያ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን አክብሬዋለሁ። በአራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ምጣዷን የት እንደምትጥድ ጠይቋል። ሥራው ከአንድ ቤት ጓዳ ወጥቶ ሰው በሚያየው፣ ጎረቤት በሚረዳዳበት ቦታ እንዲሆን አድርጓል። በብዙ ሳይቶች ያ ቤት በኋላ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራየ፣ ወይ ተቆልፎ ቀረ። ይህን እያሳዩ ሐሳቡ ከሸፈ ይሉኛል። ሐሳቡ አልከሸፈም። የጽዳት ሠራተኛ አልተቀጠረለትም፣ ለምጣዱ የሚበቃ መብራት በወጉ አልተዘረጋለትም፣ የሚጠብቀው በጀት አልነበረውም። ለሊፍት ጠጋኝ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለኮሚናሉም ያስፈልገው ነበር።

እንግዲህ ስለ 2100ዋ አዲስ አበባ ልናስብ ከተነሣን ከዚህ እንጀምር። ኮሚናሎቹን ከሱቅነት መልሰን በሚገባ የተከፈላቸው ጋጋሪዎች፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች፣ ለአረጋውያን ምግብ የሚያደርሱ ወጣቶች ያሉባቸው የሠፈር ወፍጮ ቤቶች እናድርጋቸው። በትምህርት ቤት ወንዱም ሴቷም ሊጥ ማቡካትና በሽተኛ መገልበጥ ይማሩ፤ ያረጀ ሰው መንከባከብ ዲፕሎማና ደመወዝ ያለው ሙያ ይሁን። ማሽን የሚሠራ ወጣትም የትኛውን ሸክም ከማን ጀርባ እንደሚያወርድ ይንገረን፤ እንደግፈዋለን። የከተማው ግንባታ ፈቃድ ሰጪም መስኮት የሌለው መኝታ ክፍል ያለበት ፕላን ሲቀርብለት፣ በላዩ «የሠራተኛ» ተብሎ ቢጻፍም ባይጻፍም፣ ይመልሰው። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ቃል የተገባበትን ደንብ ያውጣ፤ የሥራ ሰዓቷን፣ የሳምንት ዕረፍቷን፣ የዓመት ፈቃዷን፣ ስትታመም የሚደረግላትን ሕክምና፣ ከሥራ ስትሰናበት የሚከፈላትን በቁጥር ይጻፍበት።